ባለ አበባው ብልቃጥ

ፀሐይነሽ በየማለዳው ፀጉር ቤቷን ከመክፈቷ በፊት ብልቃጥ ታጥባለች። ደንበኞቿ የመለሱላትን ባዶ ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ ትደረድርና በእያንዳንዱ ውስጥ ጥቂት ለብ ያለ ውሃ ጨምራ ጣቷ ላይ በጠቀለለችው ጨርቅ ታሻለች። ውጫቸውን ውሃ አታስነካም። ውጫቸው ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ላይ ሮዝ አበባ ተስሏል፣ ከአበባው ሥር ደቃቅ የውጭ አገር ጽሑፍ አለ። ብልቃጦቹ ሲደርቁ ከአልጋዋ ሥር ትልቁን ቆርቆሮ ትስባለች፤ ነጩን ቅባት በእንጨት ማንኪያ እየጨለፈች ትሞላለች፤ አፉን በቢላ ጀርባ ታስተካክላለች። ወደ ኦሎምፒያ መንገድ የሚያወጣውን በር የምትከፍተው ከዚህ በኋላ ነው።

ብልቃጦቹ እጇ የገቡት በ1967 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ቪላ ውስጥ፣ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ለውጡ ሲመጣ ሰዎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ሴትዮዋ የፀጉር ማድረቂያ ካስኳንና ሠላሳ ብልቃጥ የፊት ቅባት የሞላበት አንድ ካርቶን ትታላት ሄደች። ፀሐይነሽ ከቀበሌ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ካስኩን ተከለች፤ ቅባቱንም ፀጉራቸውን ለሚሠሩ ሴቶች መሸጥ ጀመረች። ሴቶቹ ስሙን ማንበብ ስለማይችሉ “ባለ አበባው” አሉት። ወዙ ደስ የሚል፣ ፊት የማያሳክክ ቅባት ነበር።

ባለ አበባው በሦስተኛው ዓመት አለቀ። ሴቶቹ ግን ባዶውን ብልቃጥ እየያዙ መምጣታቸውን አልተዉም። በዚህ መካከል ዘሃራ የምትባል፣ በባቡር ከድሬዳዋ ኮንትሮባንድ የምታመላልስ ነጋዴ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ቅባት አመጣችላት። ይህኛው ከፊተኛው ይበልጥ ነጭ ነው። ጥቂት ሽቶ ጠብ ሲደረግበት ሽታው ተስማማ። በወሩ የተቀቡት ሴቶች ፊት ፈካ፤ ማድያት የነበረባቸውም ጠራላቸው። ፀሐይነሽ ብልቃጦቹን በዚሁ ሞላች።

ደንበኞቿ ነገሩን በከፊል ያውቁ ነበር። መሥሪያ ቤት ታይፕ የምትመታ ሙሉ የምትባል ሴት ካስክ ሥር ሆና ትነካካታለች።

“ፀሐዬ፣ ባለ አበባውን እዚሁ ጓዳ ነው የምትሠሪው ይላሉ።”

“አዎ፤ አበባውንም ሌሊት ሌሊት እኔው ነኝ የምስለው።”

ይሳሳቃሉ፤ ሙሉም ስትወጣ ብልቃጧን አስሞልታ ትሄዳለች።

ፀሐይነሽ ሰው ያታለለች አይመስላትም ነበር። ከተማው ሁሉ የሚኖረው እንደዚሁ ነው። ዘይት በውስኪ ጠርሙስ ይሸጣል፤ በርበሬ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይቀመጣል፤ ላምባ ባልታወቀ ጀሪካን ይመጣል። ባዶ ዕቃ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሁሉም ዕቃ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይሞላል። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል፣ በጣቱ ነክቶ ያያል እንጂ ላዩ ላይ የተጻፈውን ነገሬ አይልም።

የቆርቆሮው ወረቀት ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። የፊናንስ ፖሊስ ካየው ከየት እንደመጣ ያውቃል። ስለዚህ ፀሐይነሽ አዲስ ቆርቆሮ በመጣ ቁጥር በፈላ ውሃ ዘፍዝፋ ወረቀቱን ትልጥና ታቃጥለዋለች። አንዱን ብቻ አድርቃ አስቀምጣለች፤ ዘሃራ ሌላ ዓይነት አምጥታ እንዳታታልላት ማመሳከሪያ ነው። ያስቀመጠችው ከመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቷ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ነው። ዘሃራ ስትመጣ ታወጣውና ቆርቆሮው ላይ ካለው ጋር ጎን ለጎን አድርጋ፣ ፊደል በፊደል፣ በጣቷ እየተከተለች ታስተያያለች። አንድ ፊደል ቢጎድል አትገዛም። እንዲህ ስታደርግ ስድስት ዓመት አለፈ።

ደሪቱ ወተት የምትሸጥላት ሴት ነበረች። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ፣ ከቡልቡላ በኩል በእግሯ እየመጣች ለቦሌ ቪላዎች ወተት ታከፋፍላለች፤ ስትመለስ የቀረውን ለፀሐይነሽ ትቀዳላታለች። የመጀመሪያ ልጇን ጫልቱን ስትወልድ ፀሐይነሽን ክርስትና እናት እንድትሆንላት ለመነቻት። ፀሐይነሽ ልጅ የላትም። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ለልጅቱ ቀሚስ፣ ለእናትየው ደግሞ አንድ ብልቃጥ ባለ አበባው ይዛ ሄደች። ደሪቱ ከወሊዱ በኋላ ሁለት ጉንጮቿ ላይ ማድያት ወጥቶባት ነበር።

“ጠዋትና ማታ ተቀቢው፤ ሲያልቅ እሞላልሻለሁ። ከአበልጄ ዋጋ አልቀበልም” አለቻት።

ቃሏንም ጠበቀች። ደሪቱ ስምንት ወር ሙሉ ፊቷን፣ አንገቷንና ክንዷን ተቀባች። ማድያቱም ጠፋ። ወተት የምትሰጣቸው ሴቶች ምን አግኝተሽ ነው እያሉ ይጠይቋት ጀመር፤ እሷም ወደ ኦሎምፒያ ትልካቸዋለች።

በ1976 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የደሪቱ እግር አበጠ። መንገዱ ነው ተባለ። ከዚያ የዓይኗ ሽፋን አበጠ፤ ምች ነው ተባለ። ሽንቷ ሲያንስና ምግብ አልቀመስ ሲላት ባሏ ወዳጆ ሆስፒታል አስገባት።

ወዳጆ በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመ። ሴቶች ስላሉ አልገባም።

“እንዴት ናት?” አለችው ፀሐይነሽ ወጥታ።

“ኩላሊቷ ነው አሉ። ሐኪሙ ምን ትበላለች፣ ምን ትጠጣለች፣ ምን ትቀባለች ብሎ ጠየቀኝ። የምትቀባውን አምጣ ስላለኝ ብልቃጡን ወሰድኩለት።”

ፀሐይነሽ በሩን ያዘች። “ምን አለ?”

“ጽሑፉን ሁሉ በደንብ አነበበው። ይሄ ምንም አያደርግም፣ ይሄ አይደለም አለኝ። ደሪቱም ደስ አላት፤ የአበልጄን ስጦታ ያስጥሉኛል ብላ ፈርታ ነበር።”

ፀሐይነሽም ደስ አላት። ገብታ የጀመረችውን ፀጉር ጨረሰች። ሐኪም አይቶ ምንም አያደርግም ብሏል። ሐኪሙ ያነበበው የድሮውን ቅባት ወረቀት እንደሆነ ትዝ ያላት በማግሥቱ ጠዋት፣ ብልቃጥ ስታጥብ ነው። ጨርቁን አስቀምጣ ቁጭ አለች። ከዚያ ደግሞ አሰበች፤ ቆርቆሮውን ይዛ ሆስፒታል ብትሄድ ከየት አመጣሽው መባሏ አይቀርም። ከየት አመጣሽው ከተባለች ፊናንስ ፖሊስ ይመጣል፤ ካስኩም ቤቱም ይሄዳል። ቅባቱ ደግሞ ስንቱን ሴት አልነካም። ታይፕ መቺዋ ሙሉ ስድስት ዓመት ተቀብታዋለች፤ ይኸው ደህና ናት። በዚያን ቀን ሰባት ብልቃጥ ሞላች። በማግሥቱም ሞላች።

እሑድ ሾርባ አሠርታ ሆስፒታል ሄደች። ደሪቱን ከበሩ ላይ ሆና ወዲያው አላወቀቻትም። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ተደፍኗል።

“አበልጄ፣ እንዲህ ሆኜ አዩኝ” አለች ደሪቱ። “ደንበኞቼ ቢያዩኝ ወተቱን ራሷ ጠጥታ ጨረሰችው ይሉኛል።”

“ዝም በይ፤ አትድከሚ።”

“ጠቁሬያለሁ አይደል? እናቴ ጠዋት ጠዋት ትቀባኝ ነበር፤ ዛሬ ልጅቷን ይዛ ቀረች። እስቲ እርስዎ ይቀቡኝ። ሐኪሙም ፈቅዷል።”

ብልቃጡ ከአልጋው ራስጌ፣ ከውሃው ጠርሙስ አጠገብ ነበር። አበባው ወደ እነሱ ዞሯል። ፀሐይነሽ ክዳኑን ከፈተች፣ ቅባቱን በሁለት ጣቷ አነሳች። ራሷ ከቆርቆሮው ጨልፋ፣ ራሷ በቢላ አስተካክላ የሰጠቻት ነው። እጇ ደሪቱ ጉንጭ አጠገብ ደርሶ ቆመ።

“ምነው?” አለች ደሪቱ።

“መጣሁ።”

ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ ብልቃጡን ይዛ ወጣች። ኦሎምፒያ ድረስ በአንበሳ አውቶቡስ ሄዳ ፖስታውን አወጣች። ተመልሳ ሐኪሙን፣ ዶክተር ገብረእዝጊን፣ እስኪያገኙላት ኮሪደር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቀች። ሲመጣ ብልቃጡንና የቆርቆሮውን ወረቀት አንድ ላይ ሰጠችው።

“ብልቃጡ ውስጥ ያለው ይሄኛው ነው” አለችው። “ላዩ ላይ የተጻፈው አይደለም። እኔ ነኝ የሞላሁት።”

ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ።

“ማንበብ ይችላሉ?” አላት።

“የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት አለኝ።”

“ይሄን ግን አላነበቡትም።”

“ይሄን ፊደል አላስተማሩንም።”

“ሜርኩሪ አለበት ይላል። ቴርሞሜትር ውስጥ የሚያዩት ነገር ነው፤ ኩላሊት ይገድላል። ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳይቀቡት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ፈጽሞ እንዳትነካው ይላል። ይኸው፤ በቀይ ነው የተጻፈው።” ጣቱን ቀዩ መስመር ላይ አሳረፈ። ፀሐይነሽ መስመሩን ታውቀዋለች። ዘሃራ በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የምታመሳክረው እሱን ነበር፤ በቀለሙ ምክንያት በቀላሉ ይገኛል።

“ስንት ጊዜ ተቀባችው?”

“ስምንት ወር።”

“ረቡዕ ያነበብኩት ብልቃጡን ነው” አለ ሐኪሙ። ድምፁን አላነሳም። “ላኖሊን፣ ግሊሰሪን፣ የጽጌረዳ ውሃ። ከፍቼ ላየው ይገባኝ ነበር። እርስዎ ደግሞ ረቡዕ ቢመጡ ኖሮ አራት ቀን ባልተቀባች።”

ከየት እንዳመጣችው አልጠየቃትም።

ቅባቱ በዚያው ሰዓት ቆመ። ጫልቱም ጡት ተከለከለች። ፀሐይነሽ ሰኞ ቆርቆሮውን ጓሮ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው፤ ፀጉር ቤቱንም ሳትከፍት ብልቃጦቹን ለመሰብሰብ ከቤት ቤት ዞረች። ካርቶኑ ውስጥ ከነበሩት ሠላሳ ብልቃጦች ሁለቱ ድሮ ተሰብረዋል። ሃያ አንዱን አገኘች። ሙሉ የራሷን ስትሰጣት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለካ ከገና ጀምሮ ታይፕ መምታት አቅቷት ለማንም አልተናገረችም። የአንድ አያሌው የሚባሉ ኃላፊ ሚስት ግን በሩን ገርበብ አድርገው ሰሟትና፣

“ስድስት ዓመት ስትሸጪልኝ መድኃኒት ነበር፤ አሁን መርዝ ሆነ? ለሌላ ሰው ልትሸጪው ነው” ብለው ዘጉባት።

ደሪቱ ያረፈችው ከዚያ እሑድ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ወዳጆ ለቅሶ ላይ ፀሐይነሽን ሲያይ ተነስቶ ወደ ደጅ ወጣ። ነገሩን ሐኪሙ ነግሮት ነበር። የደሪቱ እናት ግን ስላልሰሙ፣ የልጅ ልጃቸውን አምጥተው ክርስትና እናቷ ጭን ላይ አስቀመጧት።

ዘሃራ በሰኔ መጀመሪያ ሁለት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ፀሐይነሽ ወረቀቱ የሚለውን ነገረቻት። ዘሃራ አዳምጣ ቆርቆሮዎቹን መልሳ በጆንያ ጠቀለለች። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ ሁለቱንም ገዛቻት።