ድሮ ከዱ

ይቅር ባይ ሰው አይደለሁም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ልጆቼ «እማ፣ እርጅና ልብ ያለሰልሳል ሲባል እንሰማ ነበር» እያሉ ያሾፉብኛል። እኔን ያለሰለሰኝ ነገር የለም። ጥርሴ ረግፏል፣ ዓይኔም ደክሟል፤ ቂሜ ግን ሙሉ ጤነኛ ነው። የሰዎቹን ስም የማልጠራው አዝኜላቸው እንዳይመስላችሁ። በእኔ እጅ ተጽፎ እንዲቀርላቸው ስለማልፈልግ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ወሎ ነው። ባሌ ደሴ ድረስ እየመጣ ጨርቅ የሚነግድ የመቐለ እስላም ነበር፤ አባቴን ጠይቆ ወሰደኝ። አማርኛ የሚያውቀው ለመሸጥ በሚበቃው ልክ ብቻ ነበር። እናቱ ደግሞ ጭራሽ አያውቁም። ከደጅ ተቀብለው «ጓለይ» ሲሉኝ ክው አልኩ፤ በእኔ አገር ጓል ማለት ማረሻ የሚፈነቅለው የደረቀ አፈር ነው። «ልጄ» ማለታቸው መሆኑን ባሌ ሲነግረኝ ሳቅሁ፤ ምን እንዳሳቀኝ ሲሰሙ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አብረን እህል እየለቀምን፣ እየተሳሳትኩና እየሳቁብኝ ትግርኛ አስተማሩኝ። ዓመት ሳይሞላኝ እንደ አገሩ ሰው መሳደብ ችዬ ነበር።

ያኔ ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። መረብ ማዶ አስመራ በእንግሊዝ እጅ ናት፤ ነገ የማን ትሁን የሚለው ነገር ሰዉን ያባላው ነበር። ግማሹ ከኢትዮጵያ ጋር አንድ እንሁን ይላል፣ ግማሹ ለብቻችን እንሁን ይላል። የውጭ አገር ሰዎች መጥተው ሕዝቡን ሊጠይቁ ነው ስለተባለ፣ እያንዳንዱ መንደር የሚናገርለትን ሰው መምረጥ ያዘ። ምርጫው እዚያ፣ ጠቡ እዚህ። መቐለ ውስጥ፣ አስመራ ወንድም ወይም አክስት የሌለው ሰው በመብራት ቢፈለግ አይገኝምና እኛም ሁለት ቦታ ተከፈልን።

ጋዜጦቹ ከአስመራ በጭነት መኪና ይመጣሉ። አንዱ «እኚህን ሰው ደግፈናል» ብሎ በትልልቅ ፊደል ያትማል፤ ሌላው በሳምንቱ ያንኑ ሰው ሌባ ይለዋል። ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ጋዜጣ ገዝቶ በብብቱ ሸጉጦ ይዞር ጀመር፤ ሰላም የሚባለውም፣ ፊት የሚዞርበትም የያዘው ወረቀት ታይቶ ነው። አንድ ጨው ነጋዴ ጎረቤታችን ማንበብ ስለማይችል የባላጋራውን ወገን ጋዜጣ ይዞ ወጥቶ፣ የገዛ አማቹ በጥፊ አጮለው። ያን ቀን ከሳቁት አንዷ እኔ ነበርኩ።

የባሌ ታላቅ ወንድም በልጅነታቸው አስመራ ገብተው ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ። የአንድነቱ ወገን ናቸው። የመንደራቸው ሰዎች «እርስዎ ይናገሩልን» ብለው እሳቸውን ሊመርጡ ተስማምተው ነበር። አማቴ ይህን ሲሰሙ ጎረቤት ያልነገሩት ሰው የለም። የባሌ ወንድም በዚያው ሰሞን ለዒድ መጥተው ከእናታቸው ጋር ሰነበቱና፣ ሰዎቻቸው ስለሚጠብቋቸው ማልደው በመኪና ተመለሱ። ሲሰናበቱ «ለሚመጣው ዒድ እመጣለሁ» ብለው የእናታቸውን ጉልበት ሳሙ። አማቴ አርጅተዋል፤ የሚቀጥለውን ዒድ መቁጠር የጀመሩት መኪናው ገና ከዓይናቸው ሳይሰወር ነው።

ጸሐፊውን ላስተዋውቃችሁ። ከሸዋ ተሹሞ የመጣ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው። ባለጉዳይ በትግርኛ ሲያናግረው እጁን እያወናጨፈ «አልገባኝም፣ አስተርጓሚ አምጣ» ይላል። አስተርጓሚ ደግሞ በነጻ አይመጣም። ሰኞ ሰኞ ገበያው መሐል ወንበር አስወጥቶ ከአስመራ የሚመጣውን የአንድነቱን ወገን የአማርኛ ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነብባል፤ አስተርጓሚው አጠገቡ ቆሞ ለሕዝቡ በትግርኛ ይመልሳል። ለዚያው ጋዜጣ የመቐለን ወሬ እየጻፈ የሚልከውም እሱ ነው። ስሙ ታትሞ ሲያይ አንገቱ አንድ ክንድ ይረዝም ነበር።

የባሌ ወንድም በተመለሱ ማግስት ይህ ሰው ሱቃችን ጎራ አለ። እኔ ከውስጥ ጨርቅ እያጠፍኩ ነበር።

«ታላቅ ወንድምህስ? ላነጋግራቸው ፈልጌ ነበር» አለው ባሌን።

ባሌ ሰው አክባሪ ነው። ያቺኑ አማርኛውን አሰባስቦ «ታላቅ ወንድሜ ድሮ ከዱ» አለው።

በትግርኛ «ከዱ» ማለት ሄዱ ማለት ነው፤ «ድሮ»ም ቀደም ብለው እንደ ማለት። ቀደም ብለው ሄዱ፣ አመለጡህ ማለቱ ነበር። ጸሐፊው ፈገግ አለና «ድሮ ከዱ?» ብሎ ደገመለት።

«ኣዎ፣ ድሮ ከዱ» አለ ባሌ፣ ከልቡ።

እኔም ሰምቻለሁ። ትግርኛው በጆሮዬ ገብቶ ስለነበር «ሄዱ» ብዬ ሰማሁና ጨርቄን ማጠፍ ቀጠልኩ።

ጋዜጣው ሲመጣ ባሌ እየሮጠ ቤት ገባ። ገበያ ላይ «ነገርህ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» ብለውታል። እኔ ፊደል አባቴ አስቆጥሮኛልና «አንብቢልን» አለኝ፤ እናቱንም ከመስገጃቸው አስነስቶ አጠገቤ አስቀመጣቸው። ጋዜጣው ለባሌ ወንድም መንደር የሚደግፈው ሌላ ነጋዴ ነበረው። ያንን አወድሶ ሲያበቃ ወደ እኛ ሰው ዞረና፣ ለአንድነት የቆሙ መስለው እንደሚያታልሉ ጻፈ። ከሥሩ «ይህንንም የሥጋ ወንድማቸው፣ ታላቅ ወንድሜ ድሮ ከዱ ሲሉ በገዛ አንደበታቸው መስክረዋል» ይላል።

እዚህ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። አማቴ «እንታይ ይብል?»፣ ምን ይላል፣ ይላሉ፤ ባሌ «ቀጥዪ እንጂ» ይለኛል። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የነገርኩት እኔ ነኝ። «ከዱ ማለት በአማርኛ ወገናቸውን ሸጡ ማለት ነው» አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከቆመበት መሬት ላይ ዘፍ አለ።

አስመራ ላይ የመንደሩ ሰዎች ሌላውን ነጋዴ መረጡ። የባሌ ወንድም ሱቅ በድንጋይ ተደበደበ፣ ሲያልፉም ከሃዲ እየተባሉ ይሰደቡ ጀመር። በሾፌር የላኩብን ቃል «መቐለ ወንድም የለኝም» የሚል ነበር። ባሌ በየሾፌሩ እግር ሥር እየወደቀ «ሄዱ ማለቴ ነው፣ በአላህ ንገሩልኝ» ብሎ ላከ። መልስ የለም። አፋቸውን በትግርኛ የፈቱ ሰው የወንድማቸውን ትግርኛ ሊያምኑ አልቻሉም፤ ታትሟልና።

አማቴ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ይዞራሉ። «ወደይ መጺኡ'ዶ?» ይሉኛል፣ ልጄ መጣ ወይ ማለታቸው ነው። «ነገ» እላቸዋለሁ። ዒዱ መጥቶ አለፈ። እኔም «ነገ» የምትለዋን ቃል ጠላኋት።

ባሌን አስከትዬ ጸሐፊው ቢሮ ሄድኩ። ቃሉ የትግርኛ መሆኑን ተናግረህ አስተካክል አልኩት።

«እኔ የሸዋ ሰው ነኝ፤ ትግርኛ ከየት ላውቅ? ከአፉ የወጣውን ነው የጻፍኩት። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም» አለኝ።

ባሌ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው፣ ያን ቀን ግን ወደ መሬት እያየ «እዚ ሰብኣይ ሕፍረት የብሉን» ብሎ አጉረመረመ። ይህ ሰው ሐፍረት የለውም ማለቱ ነው። የጸሐፊው ብዕር ወረቀቱ ላይ ቀጥ አለ፣ ጆሮውም ቀላ። ወዲያው መጻፉን ቀጠለ፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ። ያ የቀላ ጆሮ ትግርኛ የሚሰማ ጆሮ ነው። ሰውዬው እያወቀ ነው ያረደን! ከቢሮው ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም፤ ንዴት ብቻ አይደለም፣ ደስታም ነበረበት። የሚያዝበትን አግኝቼለታለሁ።

ሰኞ ደረሰ። ማለዳ ከበርበሬ ሻጮቹ ጋር ተማከርኩ፤ «የምለውን ስትሰሙ ከተቀመጣችሁበት ንቅንቅ እንዳትሉ» አልኳቸው። ጸሐፊው ወንበሩ ላይ ተሰይሞ ጋዜጣውን ሲጀምር እኛ ሴቶቹ ከእግሩ ሥር ተደርድረናል። ወንዶቹ ከኋላ ቆመዋል። ሰውዬው በቅሎ ነበረችው፣ ግቢው በጭድ ክምር የተሞላ ነው። አንድ ሁለት ወሬ እስኪያነብ ታገሥኩትና ወደ ጎረቤቴ ዘንበል ብዬ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብዬ፣ «ገዛ'ቲ ጸሓፊ ይነድድ ኣሎ» አልኳት። የጸሐፊው ቤት እየተቃጠለ ነው።

ሴቶቹ ንቅንቅ አላሉም። አስተርጓሚው እንኳ አልሰማም። ጸሐፊው ግን «ምን?» ብሎ ተነሣ፣ ወንበሩ ወደቀ፣ ጋዜጣው በርበሬ ላይ ተበተነ፤ በሴቶቹ ራስ ላይ ዘሎ፣ ኮቱ እየተርገበገበ ወደ ቤቱ ፈረጠጠ። እየሮጠም «ማይ! ማይ ኣምጽኡ!» ይላል። ውሃ አምጡ። ያውም በጥሩ ትግርኛ፣ ከእኔ በጠራ!

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እያለከለከ ሲመለስ ቤቱ እንደነበረ ነው፣ እኛም እንደተቀመጥን ነን። ለአስተርጓሚ ስንት ጊዜ ኪሳቸውን ያራገፉ አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ በትራቸውን ተደግፈው መጡና «ጸሓፊ፣ መን ኣስተርጐመልካ?» አሉት። ማን አስተረጎመልህ?

ተነሥቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። «ከዱ ማለት በትግርኛ ምን ማለት ነው?» አልኩት።

በአፉ ውስጥ አልጎመጎመ።

«ጮክ በል፣ እንደ ጋዜጣው!»

«ሄዱ» አለ።

«አልሰማንም!» አለ ሕዝቡ።

«ሄዱ ማለት ነው!»

ያን ቃል ከጉሮሮው ስጎትት የተሰማኝን ደስታ ሠርጌ ቀን እንኳ አላገኘሁትም። ባሌ እጄን ይዞ «ይብቃው» አለኝ። አልበቃኝም ነበር። ባለጉዳዮቹ ተሰብስበው የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ዘንድ ገቡ፤ አለቃውም ማስተካከያ እንዲጽፍ አስገደደው፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቆላ አዛወረው። በርበሬ ሻጮቹ «ጸሐፊውስ?» ተብለው ሲጠየቁ «ድሮ ከዱ» ይሉ ነበር።

ማስተካከያው ግን ሲጻፍ እንደፈጠነ ሲታተም አልፈጠነም። ጋዜጣው በመጣ ቁጥር ከዳር እስከ ዳር እበረብራለሁ፤ ስለ ሌላው ሰው ሁሉ ይወራል፣ የእኛ ነገር የለም። አማቴ በዚህ መሐል ወደቁ። ባሌ ሐኪም ሊያመጣ እንደ ወጣ፣ እኔ ብቻ አጠገባቸው ሆኜ፣ እጄን ያዙኝ። «ጓለይ፣ ንወደይ ኣይተቐየምኩኻን በሊዮ» አሉኝ። ልጄን አልተቀየምኩህም በይልኝ ማለታቸው ነው። እሺ አልኳቸው። ባሌ ሐኪሙን ይዞ ሲገባ እኔ ዓይናቸውን ከድኛቸው ነበር።

መርዶውን በሾፌር ላክን፤ ሰው አልመጣም። ከቀብሩ በኋላ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ማስተካከያው ወጣ፤ በመጨረሻው ገጽ፣ ከመድኃኒት ማስታወቂያ ሥር፣ ጣት ቢጫንበት የሚሸፈን። ከዚያው ሳምንት መኪና ላይ የባሌ ወንድም ወረዱ። ጋዜጣውን በእጃቸው ይዘዋል። ባሌ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ፣ ሁሉንም እዚያው ይቅር አለ። እሱ እንደዚያ ነው የተፈጠረው።

እንግዳው ወደ እኔ ዞረው ወረቀቱን ዘረጉልኝ። «ይኸው፣ ሄዱ ማለቱ ኖሯል!» አሉኝ፣ እንባቸው እየወረደ። ባሌ በስንት ሾፌር የላከው ቃል እኮ ይኸው ነበር! ወንድሙ ሲምል ያላመኑት፣ እናታቸው ሲሞቱ ያልመጡት ሰውዬ፣ ጋዜጣው ሲፈቅድላቸው መጡ። ደሜ ፈላ።

«ኣደይ ስለ እኔ ምን ተናገሩ?» አሉኝ ቆይተው፣ እናቴ ማለታቸው ነው። «ባይናገሩ አይቀርም። አንቺ ነሽ አጠገባቸው የነበርሽ።»

እዚያ ቤት በሙሽርነት ከገባሁ ጀምሮ አንቱ እላቸው ነበር። ያን ቀን አንቱታው ከአፌ ወደቀ።

«ጋዜጣው ላይ ፈልገው» አልኩት።

ባሌ ደነገጠ፤ ተቆጣኝ፣ ለመነኝ፣ ኋላም ተወኝ። ሰውዬው እስኪያረጅ ድረስ በመጣ ቁጥር እየጠየቀኝ፣ እኔም ያንኑ እየመለስኩለት ኖርን። ሊሞት ሲል እንኳ ሰው ልኮ አስጠይቆኛል። ይኸው አሁን የእናቱ ቃል በወረቀት ወጥቶለታል፤ ከቻለ ያንብበው።