ኢንተርኔት የተዘጋላት ልጅ

በመሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ስለ ዲጂታል ተወዳዳሪነት ስንት ስልጠና እንደወሰድኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ቅዝቃዜውን ነው። ሮቤ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከሳነቴ አምባ በጎባ አድርጎ የሚወርደውን ንፋስ የሚያግድ ነገር የለም፣ የአዳራሹ መስኮት ደግሞ አይገጥምም። አሰልጣኙ ግድግዳው ላይ በሚያበራው ስዕል አገሮች በየደረጃቸው ተሰልፈዋል፤ እኛን ለማግኘት ዓይንን ወደ ታች፣ ወደ ታች መስደድ ነው። አገኘን ስንል መብራት ይሄዳል። አሰልጣኙ ይስቃል፣ እኛም እንስቃለን፣ ለሻይ እንወጣለን። እንዲህ ስንል አረጀሁ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ «ገመድ አልባ ብሮድባንድ ለአገር ዕድገት ያለው ሚና» የሚለውን ነገር ከአቡነ ዘበሰማያት በላይ ደጋግሜዋለሁ።

ሚናው እኛ ሰፈር ሲደርስ ይደክመዋል። ከደጄ ላይ ቆሞ ላየ ሰው የኔትወርክ ታወሩ ከስንዴው ማሳ ዳር ቀጥ ብሎ ይታያል። ጠዋት ሰው ሳይነሳ ፈጣኑ ኢንተርኔት ጥርት ብሎ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ግን ሰፈሩ በሙሉ ስልኩን ይከፍታል። ያኔ የቦኖ ውሃ ማለት ነው፤ ሁሉም ጀሪካኑን ይደቅናል፣ ለሁሉም ጠብ ጠብ ይላል፣ የማንም አይሞላም።

ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ ከተመረቀች በኋላ ቤት ነበረች። የሚወጣው ማስታወቂያ ሁሉ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሥራ ሳይሰጡ ልምድ ከየት ይምጣ? እናቷ ካረፈች ወዲህ የቤቱ ሰዎች እኔና እሷ ብቻ ነን። ጠዋት ወጥቼ ማታ ስገባ ያው ቦታ ላይ፣ ያው ጋቢ ውስጥ ሆና ኮምፒውተሯን ስትነካካ አገኛታለሁ። አንድ ቀን ፓስፖርት አውጥታ ጠበቀችኝ። ጊኒር ያለች የአክስቷ ልጅ ዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ወላጆቿን አሳርፋለች፤ እሷም ያችኑ ዘመዷን በላከው ኤጀንሲ ተመዝግባ ተራ ይዛ ኖሯል። ለሰው ቤት ሠራተኝነት ነው ወይ ያስተማርኩሽ ብዬ ልጮህ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ምን አማራጭ ይዤ ነው የምጮኸው?

ተራዋ ሊደርስ ሲል አንድ የውጭ ኩባንያ ለመጨረሻ ፈተና ጠራት። ከቤት ሆኖ የሚሠራ የፕሮግራም ሥራ ነው። ካለፈች ሮቤ ተቀምጣ ትሠራለች፤ ካላለፈች ዐረብ አገር ትሄዳለች። ነገሩ ይኸው ነበር። ፈተናው በኢንተርኔት ነው፤ ካሜራ ተከፍቶ፣ ብቻዋን፣ በተዘጋ ክፍል፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ። መስመሩ አንድ ጊዜ ቢቋረጥ ይታገሷታል። ሁለተኛ ከተቋረጠ ፈተናው ይዘጋል፣ ድጋሚ የለውም።

መጀመሪያ አለቃዬን ለመንኩት። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ደህና መስመር አለ፤ ለአንድ ከሰዓት አንዲት ክፍል ብታበድረኝ አልኩት። እሺ አለ፣ ከልቡ ነው እሺ ያለው። ከዚያ ቀኑ ሲቀርብ ጠራኝና አንገቱን ደፍቶ፣ በዚያው ቀን ከላይ እንግዶች ስለሚመጡ ኔትወርኩን መሻማት እንደማይቻል ነገረኝ። እንግዶቹ ለምን እንደሚመጡ ጠየቅሁት። ስለ ዲጂታል ተወዳዳሪነት ስልጠና ሊሰጡ ነው። ተናደድኩ። ተናድጄም ወጥቼ የእንግዶቹን የውሎ አበል ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሥራዬ ነዋ።

ጎባ ወጥተን አንድ ሆቴል ጠየቅን። የኢንተርኔቱን ገመድ የመንገድ ሥራ ከቆረጠው ሰንብቷል፣ ዛሬ ነገ እየተባለ ነው አሉን። በባጃጅ ተመለስን። ልጄ በመንገድ ሁሉ የስንዴውን ማሳ ብቻ ታያለች።

ለእድራችን ሰብሳቢ ለሀጂ የነገርኳቸው ለመፍትሔ ብዬ አይደለም፣ ለመተንፈስ ነው። ሀጂ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀብር ላይ ከሁሉም ቀድመው የሚደርሱ ሰው። እድራችን እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው፤ ገሚሱ እድር ይለዋል፣ ገሚሱ አፎሻ። «አካም ጂርታ?» ብለው ጀምረው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀው ሲጨርሱ ነገሩን አወራኋቸው። ኢንተርኔት ሰው ሲቀንስ ለቀረው ይበረክታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይበረክታል አልኳቸው። ጢማቸውን እየዳሰሱ ትንሽ አሰቡ።

«ለሞተ ሰው ሱቅ እንዘጋለን» አሉ። «ለቆመች ልጅ ኢንተርኔት ብንዘጋ ምን አለበት?»

የእሑዱ ስብሰባ ላይ ልጄ ቆማ በአማርኛም በኦሮምኛም አስረዳች። በዚያ ሰዓት ዳታ አትክፈቱ፣ ዋይፋይ ያላችሁ አጥፉ፣ በራችንንም አታንኳኩ አለች። አንዱ ቴሌቪዥን ይጨምራል ወይ አለ። አንዲት እናት ፍሪጁስ ብለው ጠየቁ። ከኋላ የተቀመጡ ጎረምሶች በዚያ ሰዓት ኳስ አለ ብለው አጉረመረሙ፤ ሀጂ ዞር ብለው ሲያዩአቸው ኳሱ ቀረ። የከፈተ ሰው ከቀብር እንደቀረ ይቆጠራል ተባለና ተወሰነ። በዚህች አገር ብዙ ውሳኔ ጽፌአለሁ፤ እንደዚያ በቶሎ የተወሰነና ሁሉም የተረዳው ውሳኔ ግን አላስታውስም።

በዕለቱ ከምሳ በኋላ የእድሩ ለፋፊ ጡሩምባውን እየነፋ በሰፈሩ ዞረ። ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ስለሆነ ማዶ ያሉት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን ለለቅሶ አዘጋጅተው ወጡ። ማን ነው ሲሉ ማንም አልሞተም፣ ኢንተርኔት ነው ተባሉ። እሱም ነፍሱን ይማረው ብለው ተመለሱ። ልጄ መስኮት ላይ ቆማ ይህን ስታይ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቶ ነበር።

ሰዓቱ ሊደርስ ሲል የእሷ ስልክ ፈጣኑን ኔትወርክ አልይዝ አለ። አጥፍታ አበራችው፤ እምቢ አለ። የእኔ ስልክ ያዘ። በችኮላ የእኔን ተቀብላኝ፣ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኝታ በሩን ዘጋች። እኔ ዱካዬን ይዤ አጥሩ በር ላይ ተቀመጥኩ፣ የሚመጣ ሰው ካለ ልመልስ።

ማንም አልመጣም። ሻይ ቤቱ ሙዚቃውን ዘግቷል። ጎረምሶቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፣ እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉበት ቸግሯቸዋል። አንዷ ጎረቤት በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝና ስልኳን ከፍ አድርጋ፣ ጠፍቷል ለማለት፣ ጥቁሩን መስታወት አሳየችኝ። ደመወዜ የማይበቃኝ፣ አለቃዬ ፊት የማልቆም፣ ለልጄ አንዲት ክፍል ለምኜ ማግኘት ያቃተኝ ሰውዬ፣ ሰፈር ሙሉ ሰው ከጎኔ ቆሞ አየሁ። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድካም ያልተሰማኝ ያኔ ነው።

አሥራ አንድ ሳይሞላ በሩ ተከፈተ። ልጄ ስልኬን ይዛ ወጣች።

«ተደወለ» አለችኝ። «መጀመሪያ ተደወለ፣ መስመሩ ሄደ፣ ተመለስኩ። ከዚያ ደግሞ ተደወለ።»

ስልኬን ሰጠችኝ። ሁለቱም ጥሪ የሀጂ ነው። እኛ ዘንድ ስልክ ሲደወል ዳታው ይቆማል፤ ስልኩ ወሬውንና ኢንተርኔቱን አንድ ላይ አይችልም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ የእሷን ቁጥር ለሚያውቁት ሁሉ አትደውሉ ብላ ነበር፤ በእኔ ቁጥር ትፈተናለች ብሎ ግን ማን አሰበ? በስብሰባውም ላይ አትደውሉ ያለ የለም። ለሰፈራችን ሰው ስልክ ስልክ ነው፣ ኢንተርኔት ኢንተርኔት ነው። ውስጥ ግቢና ትንሽ ተቀመጪ ብቻ አልኳት፣ እሷም አልተንቀሳቀሰችም።

በዚህ መሀል አሥራ አንድ ሆነና ሰው መጣ። ሀጂ ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው እርጎ የያዘች፣ ጨጨብሳ የያዘች፣ ባዶ እጁን የመጣ። ሀጂ ከእኔ ጀርባ የቆመችውን ልጄን ገና ሳያዩ ወቀሳቸውን ጀመሩ።

«ደውዬልህ አላነሳህም» አሉኝ። «አንድ ሥራ ሲያልቅ ለባለቤቱ መናገር የእድር ወግ ነው። ወፍጮ ቤቱ ሳይቀር እንደዘጋ ልነግርህ ብዬ ነው። ሳጣህ ጊዜ፣ ምን ሆኑ ብዬ ጨነቀኝና ደገምኩት።»

እውነትም ወጉ ነው። ቀብር ሲያልቅ፣ ድንኳን ሲተከል፣ ሰብሳቢው ለሐዘንተኛው «ሁሉ ተሟልቷል» ይላል፤ ያን ካልሰማ ሐዘንተኛው አያርፍም። እኝህ ሽማግሌ ልባችን እንዲያርፍ ብለው ነው የደወሉት። እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ሳላውቅ አፌን ከፈትኩ። ልጄ ቀደመችኝ።

«ሀጂ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «በጣም ጥሩ ነበር። እናንተ ባትኖሩ አልችለውም ነበር።»

«አልሃምዱሊላህ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ ሀጂ፣ የኔ ልጅ ማለታቸው ነው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጎረምሶቹ ስልካቸውን አወጡ። እኔም እርጎውን ተቀብዬ ግቡ፣ ግቡ አልኩ፤ ምን ላድርግ።

ሰው ሲሄድ አደራ አለችኝ። ሀጂ ቢሰሙ የማይሽር ነገር ይሆንባቸዋል፣ ለእሳቸው አትንገራቸው አለች። ለኩባንያው ጻፈች፤ የኔትወርኩን፣ የጥሪውን፣ የሰፈሩን ነገር ሁሉ አስረዳች። መልሱ ጨዋ ነበር፤ ማዘናቸውን ገልጸው፣ ወደፊት አስተማማኝ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ሆና እንድታመለክት መከሯት። አስተማማኝ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ። ሳነብላት ቀና ብላ አላየችኝም፤ ልብሷን እያጠፈች ነበር።

ወር ሳይሞላ በኤጀንሲው ዐረብ አገር ሄደች። ሰፈሩ ኩባንያው ጠርቷት ነው አለ፤ እኛም አላረምንም። ሲሸኟት ሀጂ ረጅም ዱዓ አደረጉላት። ወሬው መሥሪያ ቤቴ ደረሰና አለቃዬ በስብሰባ ላይ ከከተማችን ወጥታ ዓለም አቀፍ ሥራ የያዘች ወጣት ብሎ ለምሳሌ አነሳት፤ አባቷ እዚሁ መሀላችን ነው ብሎ አስጨበጨበልኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት። ቃለ ጉባኤ ማለት የተባለውን መጻፍ ነው። ብዕሬ ግን ከብዶኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ባለፈው ዓርብ ከሥራ ስመለስ ሀጂ ሱቃቸው በር ላይ አስቀመጡኝ። እዚያ እያለሁ ልጄ በቪዲዮ ደወለች። ሀጂ ስልኩን ከእጄ ወስደው አካም ጂርታ ብለው ጀምረው ሁሉንም ጠየቋት፣ ጤናዋን፣ ሙቀቱን፣ ምግቡን። ከዚያ ቢሮሽን አሳዪኝ አሏት። ስልኩን አዞረችና ነጭ ግድግዳ አሳየቻቸው፣ ሌላ ምንም የሌለበት ንጹህ ነጭ ግድግዳ። መልሳ ስታዞረው ከትከሻዋ ኋላ የልብስ መተኮሻ ጣውላውን አየሁት፤ የሰው ሸሚዝ እላዩ ላይ ተዘርግቷል። ሀጂ አላዩትም፣ ወይ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ምስሉ ከፊቴ እንደተቀመጠች ጥርት ያለ ነው።

«እዚህ ኔትወርክ አይቋረጥም፣ ሀጂ» አለቻቸው።

ማሻአላህ አሉ። ስልኩን ሲመልሱልኝ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

«አየህ» አሉኝ፣ «ለዚህ እኛም ትንሽ አዋጥተናል።»

«አዋጥታችኋል እንጂ ሀጂ» አልኳቸው።