ሁለተኛው መርዶ

ባለፈው ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሸሪካት ከሚባለው የጁባ ሰፈር ስልክ ተደወለልኝ። አንድ ምግብ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። አብሯት የሚሠራው ልጅ አባቱ አርፈውበታል፤ እሱ ገና አልሰማም። «ጋሼ፣ እርስዎ ካልመጡ ማን ይነግረዋል?» አለችኝ። ጁባ ውስጥ ለሠርግ የሚጠራኝ ሰው ሞልቷል፤ አንዱን ሙሽራ በሳቅ ከነወንበሩ ገልብጬዋለሁ። ለመርዶ የምፈለገው ግን በወጣትነቴ በሠራሁት አንድ ሥራ ምክንያት ነው።

ያኔ ጀበል ከሚሉት ተራራ ሥር፣ ማማ ክላራ የሚባሉ የጁባ ሴት ግቢ ውስጥ የምንኖር የውሃ ቦቴ ሾፌሮች ነበርን። ከወንዙ እየቀዳን ለየሰፈሩ እናድላለን። በዝናቡ ወራት መንገዱ ቦቴውን ከነሾፌሩ ይውጥ ነበር፤ «የሰመጠ መኪና ካርቱም ላይ ይወጣል» እያልኩ አዲስ መጪዎችን አስፈራራለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ጋሽ ታደሰ በዕድሜ በጣም ይበልጡኛል። የተጠበሰ አሳ ሲቀርብላቸው የግቢው ድመቶች ተስፋ ቆርጠው ሰፈር ይለቁ ነበር።

አንድ ቀን ውሃ ልንቀዳ ተሰልፈን ሳለ ስልካቸው ጠራ። የአጎታቸው ልጅ ነው። እናታቸው አርፈው መቀበራቸውን ነገራቸው። ጋሽ ታደሰ «እሺ፣ እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ወረፋቸው ደርሶ ስለነበር ቦቴያቸውን አስጠጉ። ማታ ልናጽናናቸው ብንቀመጥ «በሰው አገር ምን ለቅሶ አለ? ተኙ በሉ» አሉን።

ከዚያ ወዲህ ምግብ አልወርድ አላቸው። አሳውም ሾርባውም ያው ነው። «እዚህ ጋ ድንጋይ ተቀምጧል» እያሉ ጉሮሯቸውን ያሳዩናል። ሱሪያቸውን በገመድ ማሰር ጀመሩ። ወባ ተባለ፣ ታይፎይድ ተባለ፣ ምንም አልተገኘም። በመጨረሻ ሐኪሙ «ጉሮሮዎ ደህና ነው። ሌላ የከበደዎት ነገር አለ?» ሲላቸው «የለም» አሉ። ለእኔ ለብቻዬ «እንዲህ ከቀጠሉ ያሰጋል» አለኝ።

አገር ቤት ቢሆን ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውዬው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው መርዶ የሚነገረው። ጋሽ ታደሰ ግን የያዙት የቦቴ መሪ ብቻ ነበር።

«እንደገና እናርዳቸው» አልኩ።

«የሚያውቁትን? አንተ ሰውዬ፣ በሞት መቀለድ ጀመርክ?» አለኝ ሰለሞን፣ ከጸሎት ቤት የማይጠፋው ጓደኛችን።

«አንዴ ቁም ነገር ባወራ ማን ይመነኝ።»

«ካበላሸኸው ከዚህ ግቢ የማስወጣህ እኔ ነኝ» አለና ወንበር ሊለምን ወጣ።

ንጋት ላይ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ግቢውን ሞላው፤ ነጠላ ያጣ ፎጣ ደርቧል። ማማ ክላራ ነገሩን በተሰባበረ ዓረብኛዬ ስለነገርኳቸው የማሽላና የቦሎቄ ንፍሮ ጥደውልናል። ጋሽ ታደሰ በር ከፍተው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ደነገጡ።

«ጋሼ፣ እናትዎ እማማ አስካለ አርፈዋል» አልኩ።

«አውቃለሁ እኮ። ስልክ ተደውሎልኝ...»

«እሱ ስልክ ነው። እኛ ግን መጥተናል።»

የበሩን መዝጊያ እንደያዙ ቀሩ። ቀልድ አማረኝ፤ ምላሴን ነከስኩ። ከዚያ፣ አንድ ቀን ቦቴ ላይ ያጫወቱኝ ነገር ትዝ አለኝ። «ጢም ላወጣ ልጃቸው ሾርባ እፍ እያሉ የሚያቀዘቅዙ እናት ነበሩ» አልኩ።

ደጃፉ ላይ ዘመም አሉ። እኔና ሰለሞን ክንዳቸውን ያዝን። የወጣው ለቅሶ ራቅ ብላ ወንዙ ዳር ያለችውን የረጃፍ መንደር አሳ አጥማጆች መረባቸውን ሳያስጥላቸው አልቀረም። ማማ ክላራ አንድ የአማርኛ ቃል ሳያውቁ በራሳቸው ቋንቋ አብረው አለቀሱ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ንፍሮው ቀረበ። ጋሽ ታደሰ ከትኩሱ ቆንጠር አድርገው አነሱ። እፍ አሉበት። ዋጡት። ሁላችንም ጉሮሯቸውን ስናይ እጃቸውን እንደገና ወደ ሳህኑ ሰደዱ።

ዛሬ አገር ቤት ናቸው፤ ሱሪያቸው አሁን በሌላ ምክንያት አልዘጋ ብሏቸዋል። ያልወጣ ለቅሶ የትም አይሄድም፤ ጉሮሮ ላይ፣ ደረት ላይ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ያሳቅሁት ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። የምኮራው ግን በዚያ ጠዋት ነው።

ቅዳሜ ሸሪካት ስደርስ ልጅቷ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። «ተኝቷል። ልቀስቅሰው?» አለች።

«ንፍሮው ተጥዷል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ክንዱን የሚይዙት ቀድመውኝ ይግቡ» አልኩና ኮፍያዬን አወለቅሁ።