በአንድ ስልክ የተመዘገቡ

ሰርካለም ፈሪ ናት። ይህን የምንደብቅበት ምክንያት የለም፤ እሷም አትደብቀውም። በሯን ቆልፋ ትወጣና ከመንገድ ተመልሳ መቆለፉን ገፍታ ታረጋግጣለች። የተኛ ውሻ ካየች እንኳ መንገድ ትቀይራለች። የቁስቋም ሰፈር ልጆች ይስቁባታል፤ አለቃዋ ያዕቆብ ግን የቀጠራት ለዚሁ ፍርሃቷ ነው። «የሚፈራ ሰው አጣርቶ ይጽፋል» ይላል።

ሥራዋን ለጎረቤት ማስረዳት መከራ ነው። ዊንጌት አካባቢ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባለች ጠባብ የሶፍትዌር ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ቢሮው የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች በየወሩ የሚወስዱትን መድኃኒት ቤታቸው ድረስ የሚያደርስ ሲስተም ሠርቷል። ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ሰው ሳይሆን ኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው። ኤጀንቱ ደግሞ ስለ ሲስተሙ በራሱ ምንም አያውቅም። ታካሚ መፈለጊያው፣ መድኃኒት ማዘዣው፣ መልእክት መላኪያው፣ ፕሮግራመሮቹ «ቱል» የሚሏቸው ሁሉ ለምን እንደሚያገለግሉና ምን መልስ እንደሚሰጡ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊጽፍለት ይገባል። ኤጀንቱ ያንን አንብቦ ይሠራል። ጸሐፊዋ ሰርካለም ናት።

«ካልገባውስ?» ብላ ጠይቃ ነበር ሥራ የጀመረች ሰሞን።

«እንደገባው ሆኖ ይሠራል» አላት ያዕቆብ።

ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እያንዳንዱን ጽሑፍ አሥር ጊዜ ታነባለች። ስለ ታካሚ መፈለጊያው የጻፈችው ግን ቀላል ስለመሰላት አጭርና ያማረ ነበር፦ «ስልክ ቁጥር ስጠው፤ የታካሚውን መዝገብ ይሰጥሃል።» ያዕቆብም «ቆንጆ!» ብሎ አሳለፈው።

ሲስተሙ ሥራ የጀመረው በሁዳዴ ጾም፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ የሰርካለም ስልክ ጮኸ። «ወ/ሮ ቦሰና፣ የስኳር መድኃኒትዎ ቤትዎ ደርሷል።» እትዬ ቦሰና የግቢዋ ጎረቤት ናቸው። ስልክ ስለሌላቸው የተመዘገቡት በእሷ ቁጥር ነው። ሠራ! ደስታዋ ሳያልቅ ሌላ መልእክት ገባ። «ወ/ሮ ቦሰና፣ የስኳር መድኃኒትዎ ቤትዎ ደርሷል።»

መልእክቱን ደግማ አነበበችው። ሁለተኛው የእትዬ ደሳለች መሆን ነበረበት። እሳቸውም እዚያው ግቢ ይኖራሉ፤ እሳቸውም የተመዘገቡት በእሷ ስልክ ነው። ያለባቸው ግን የደም ግፊት እንጂ ስኳር አይደለም። መፈለጊያው በዚያ ቁጥር ሁለት ሰው አግኝቶ መልሷል፤ ኤጀንቱ ደግሞ ቁጥሩ የአንድ ታካሚ ብቻ ነው ተብሎ ስለተነገረው የመጀመሪያዋን ይዞ ሁለቱንም ትእዛዝ በእትዬ ቦሰና ስም አደረገው። ሰው ቢሆን «የትኛዋ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እና የነገረው ማን ነው? አንድ ስልክ የስንት ሰው እንደሆነ ከማንም በላይ የምታውቀው ሰርካለም!

የስኳር ክኒን ስኳር የሌለባቸው፣ ያውም ሲጾሙ የዋሉ አሮጊት ከዋጡት ራስን ያስታል። ሊገድልም ይችላል።

«ያዕቆብ፣ አጥፋው! አሁኑኑ አጥፋው!» ብላ ጮኸች።

እሱ ሲስተሙን ሊዘጋ ሲሯሯጥ እሷ ቤት ልትደውል ስልኳን አነሳች። ግን ወደ ማን? የእትዬ ቦሰናም፣ የእትዬ ደሳለችም ቁጥር በእጇ የያዘችው ራሱ ነው። በዚህ ሰዓት ግቢው ውስጥ ሌላ ስልክ የለም።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። ያገኘችው ላዳ ውስጥ ገባች። «በናትህ ፍጠንልኝ!» ጳውሎስ ሆስፒታል ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሙ። ከፊት አምቡላንስ እየጮኸ ሲመጣ እትዬ ደሳለችን የጫነ መሰላትና ዓይኗን ጨፈነች።

ግቢው በር ላይ እትዬ ቦሰና ጎመን ይቀነጥሳሉ።

«የሞተሩ ልጅ ሁለት አመጣ» አሏት። «አንዱን እኔ ወሰድኩ፣ አንዱን ለደሳለች ሰጠኋት። ስትጠብቅ አልነበር? እሷማ በጸበል እውጠዋለሁ ብላ ይዛው ቅዳሴ ወጣች።»

ሰርካለም ዳገቱን በሩጫ ተያያዘችው። ቤተ ክርስቲያኑ ስትደርስ ቅዳሴው አልቆ ሰው እየወጣ ነበር። ሁሉም ነጠላ ለብሷል፤ አሮጊቶቹ ሁሉ እትዬ ደሳለችን ይመስላሉ። የአንዷን ትከሻ ይዛ አዞረች፤ አይደሉም። የሌላዋንም ያዘች፤ አይደሉም። «አንቺ ልጅ ምን ነካሽ?» ተባለች። በመጨረሻ አጥሩ ሥር አየቻቸው፤ በአንድ እጃቸው የጸበል ጠርሙስ ይዘው ሌላውን ወደ አፋቸው እየወሰዱ ነበር።

«እንዳይውጡት!»

ደርሳ እጃቸውን መታች። ክኒኑ ወደቀ፣ ጸበሉ ተደፋ። «ኧረ በስመ አብ!» አሉ አጠገባቸው የቆሙት።

«የርስዎ አይደለም፣ የእትዬ ቦሰና ነው! የኔ ጥፋት ነው!» አለች።

እትዬ ደሳለች እጃቸውን እያሻሹ አዩአት። «ቀለሙ ሌላ መሆኑንማ አይቻለሁ ልጄ። ሰርኬ ካስመጣችው ምን ይሆናል ብዬ ነው እንጂ።»

በዱላ ቢመቷት ይሻላት ነበር። እግራቸው ሥር ተቀምጣ አለቀሰች።

ስልኳ ጠራ። ያዕቆብ ነው። «ዘግቼዋለሁ። ግን ሰርኬ፣ እንዲህ የሆነ አንድ ሌላ ቤት አለ። ቁጥሩን ልኬልሻለሁ። እኔ መድኃኒት ቤቱን እያነጋገርኩ ነው፤ አንቺ ደውይላቸው።»

ደወለች። ከማሽን ጩኸት መሐል አንድ ወጣት አነሳ።

«አዎ፣ የእናቴም የአክስቴም መድኃኒት የተመዘገበው በኔ ስልክ ነው። ምነው?»

«ዛሬ የደረሰው ተቀያይሯል። እንዳይውጡት! አሁኑኑ ቤት ይደውሉና ይንገሯቸው!»



«ስልኩ እኮ እኔ ጋ ነው» አለ፣ ድምፁ ተለውጦ።

ከዚያ የማሽኑ ጩኸት እየራቀ ሄደ። ጆሮዋ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ሰርካለም ስልኩን አልዘጋችውም።