ከመንሱር የመጣው ሳጥን

ያን ቅዳሜ የነበርነውን አንድ በአንድ በመጻፍ ልጀምር። ቦታው ጅዳ፣ በግዳዲያ በሚባለው ሰፈር ያለችው የትርጉምና የጽሕፈት ቢሯችን ናት። የቢሮው ባለቤት ነበር፤ ወላጆቹ የወሎ ሰዎች፣ እሱ ግን መካ ተወልዶ ያደገ፣ በአማርኛ የጀመረውን በዓረብኛ የሚጨርስ ሰው ነው። ጸሐፊዋ ነበረች፤ የአገራችንን ሰው ወረቀት የምትቀበለውና ስካን የምታደርገው እሷ ናት። ሳፋ ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች አንዲት ሴት ነበረች። የሦስት ዓመት ልጇ ሁለት ወንበር ገጥመንላት ተኝታለች። በስልክ ደግሞ የባለቤቱ አጎት ነበሩ፤ መካ፣ መንሱር ሰፈር ያለውን ትንሹን ቢሯችንን ብቻቸውን የሚይዙት ሽማግሌ። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፤ እየፈታሁና ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድኩት።

ሴትዮዋ የመጣችው ለአንድ ወረቀት ነው። ልጇ ስትወለድ ሆስፒታሉ የሰጣት የልደት ማስረጃ። ዋናው ድሮ በሠራችበት ቤት ቀርቷል፤ ማዳሟ ከተማ ቀይራለች፣ ስልኳም አይሠራም። የሴትዮዋ ኹሩጅ፣ የመውጫ ፈቃዷ፣ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። ቆንስላው ለልጅቷ የጉዞ ሰነድ የሚሰጣት ማስረጃው ሲታይ ብቻ ነው፤ ቀጠሮው ደግሞ በማግስቱ ነበር። ወረቀቱ ካልተገኘ ወይ ልጇን ለሰው ትታ ትሄዳለች፣ ወይ ያለ ፈቃድ ትቀራለች። ከሁለት ዓመት በፊት እኛ ጋ አስተርጉማው ስለነበር ኮፒው እንዳለን ታውቃለች።

«እዚህ የገባ ወረቀት አይጠፋም፣ የኔ እህት» አለቻት ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን እየከፈተች። «መሐንዲሳችን ሁሉንም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል።»

መሐንዲስ የምትለኝ ስታሾፍብኝ ነው። ትንሽ ቆይታ እንደገና ጠራችኝ።

«መሐንዲስ፣ ፎልደሮቼን የት ወሰድክብኝ?»

ሳጥኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ወረቀቶቹ በሦስት ኮምፒውተሮችና በየኪሱ በሚያዙ ፍላሾች ተበታትነው ነበር። ሁሉም ኮምፒውተሮች በኔትወርክ የሚያስቀምጡበት፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ ያለው አንድ የጋራ ማከማቻ እንዲገዛ ባለቤቱን ለመንኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞዴሎችን አወዳደርኩ፤ የቱ እንደሚጮህ፣ የቱ እንደሚግል፣ የማራገቢያው ብሎን ስንት እንደሆነ። አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ሌላው ያንኑ ይዟል። ቢሮው ቢቃጠልስ ብዬ ሁለተኛ አስገዛሁና መንሱር እንዲቀመጥ አደረግሁ። ክርስቲያን ስለሆንኩ መካ አልገባም። እዚህ አዘጋጀሁት፣ ባለቤቱ በመኪናው ወሰደው፣ ሽማግሌው በስልክ እየመራኋቸው ሰኩት። የተቀመጠበትን ክፍል እስከ ዛሬ አላየሁትም።

መንሱር ያለውን የጅዳው መስታወት አደረግሁት። እዚህ የተጨመረው እዚያ ይጨመራል፤ እዚህ የተሰረዘው እዚያም ይሰረዛል። ሳጥኑ የተሰረዘ ነገር ለተወሰኑ ቀናት ማቆየት ይችል ነበር፤ ቦታ ይበላል ብዬ አጠፋሁት። ያኔ ንጹሕ ሥራ መስሎኝ ነበር።

ሴትዮዋ በመጣችበት በዚያው ሳምንት ዲስኩ መሙላት ጀመረ። ሐሙስ ዕለት፣ ስማቸው ላይ ባለው ዓመት ሲቆጠር ከአምስት ዓመት በላይ ያለፋቸውን ፎልደሮች የሚሰርዝ ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ዓርብ ቀን፣ ቢሮው ዝግ ሲሆን እንዲሠራ። ለመካው ተጠንቅቄ ነበር። ሽማግሌው ፎልደር የሚሰይሙት በሂጅራ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ወደ ስድስት መቶ ዓመት ያለፋቸው መስለው እንዳይሰረዙባቸው ደውዬ ጠይቄ ለየኋቸው። አጠገቤ የምትቀመጠውን ጸሐፊ ግን እስከዚያ ቅዳሜ አልጠየቅኋትም።

«ፎልደሮችሽን የምትሰይሚው በየትኛው ዓመት ነው?»

«በየትኛው ማለት? በዓመቱ ነዋ።»

«በእኛ?»

«በማን ላድርገው ታዲያ? የእኛ ሰው ወረቀት አይደለም እንዴ?»

በእኛ። የእኛ ዓመት ኮምፒውተሩ ከሚቆጥረው ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ያንሳል። ባለፈው ወር የከፈተችው ፎልደር ሳይቀር ለእኔ ትእዛዝ ሰባት ዓመት ያለፈው ነበር። ቁጥሮቹን በየቀኑ አያቸው ነበር። የራሴን የልደት ዓመት የማውቀውም በዚሁ አቆጣጠር ነው።

ምንም አልተሰማኝም። እጄን ጠረጴዛው ላይ አየሁት፤ ጥፍሬ ሥር የፕሪንተር ቀለም ነበር። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

ከዚያ ሽማግሌው ትዝ አሉኝ። እሳት ይፈራሉ። ሐሙስ ከሰዓት ሲዘጉ ሶኬቱን ሁሉ ነቅለው ይሄዳሉ፤ ቅዳሜ ሲገቡ መልሰው ይሰካሉ። ሳጥኑን እንዳይነቅሉት ስንቴ ነግሬያቸው ነበር። ያልሰሙኝ ከሆነ፣ መንሱር ያለው ሳጥን ስረዛውን ገና አላወቀውም፤ ሲሰካ ግን ያንኑ መሰረዝ ይጀምራል።

ለባለቤቱ ነገርኩት። ደወለና ሁላችንም እንድንሰማ ስፒከር ላይ አደረገው።

«ያ ዓሚ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ቢሮ ገብተዋል?»

«ወዓለይኩም ሰላም። አሁን ገባሁ፣ አልሐምዱሊላህ። እናትህ እንዴት አደረች? ልጆቹስ?»

«ደኅና ናቸው። ሳጥኑን ሰክተውታል?»

«ቢስሚላህ ብዬ መጀመሪያ የሰካሁት እሱን አይደል! መብራቱ እየተርገበገበ ነው። ማሻአላህ፣ ዛሬስ በርትቷል።»

ስልኩን ከባለቤቱ እጅ ወሰድኩ።

«አባባ፣ አሁኑኑ ይንቀሉት።»

«አይነቀልም።»

«አባባ፣ እባክዎ...»

«የጻፍከው አንተ አይደለህ? ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ላንብብልህ። ‹በድንገት መንቀል ክልክል ነው። ቁልፉን ለአምስት ሰከንድ ይጫኑ። መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቁ።› ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረህበታል።»

«እሱን ይተዉት። ከጀርባው ያለውን ቀጭኑን የኢንተርኔት ገመድ ብቻ ይንቀሉ፤ ግራጫውን።»

«ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ልጄ።»

እኔ የላክሁት ግራጫ ነበር።

«ኸላስ፣ ሁለቱንም ይንቀሏቸው!» ብሎ ባለቤቱ ጮኸ። «ያላ፣ ያ ዓሚ!»

አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ልጅቷ ነቃች።

«ነቅያለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ጥፋቱ ግን የእናንተ ነው። እኔ ወረቀቱን አንብቤላችኋለሁ።»

ባለቤቱ የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ ወጣ። እሱ መካ ደርሶ እስኪመለስ ጠበቅን። ጸሐፊዋ ለልጅቷ ብስኩት ገዛችላት። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ «ተገኘ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቴም «መካ ነው ያለው፣ እየመጣ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ።

ሳጥኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ባለቤቱ በፎጣ ጠቅልሎ፣ የፊት ወንበር ላይ ቀበቶ አስሮለት ነው ያመጣው። ከኢንተርኔት ለይቼ በቀጥታ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ስረዛው ከአሮጌዎቹ ጀምሮ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመቶች ጠፍተዋል። የሷ ዓመት ግን አለ። ማስረጃው ትንሽ ተጣሟል፤ ጥጉ ላይ ወረቀቱን የያዘችበት የጸሐፊዋ አውራ ጣት ይታያል። ማኅተሙ ይነበባል። ሁለት ኮፒ አወጣሁላት።

በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። «እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ» አለች። «አንተ ባትኖር ልጄን ምን አደርጋት ነበር?» ልጅቷ ከብስኩቱ የተረፈውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ።

አሁን የጅዳው ሳጥን የተሰረዘውን ለሠላሳ ቀን ያቆያል። የመንሱሩ የሚጨመረውን ይቀበላል እንጂ ስረዛ አይቀበልም። ሽማግሌው ሐሙስ ሐሙስ እንዲያጠፉት አዲስ ወረቀት ጽፌ ላክሁላቸው፤ ደውለው ሳቁብኝ።

የጻፍኩት የማስታውሰውን ብቻ ነው። ያን ቀን የነበራችሁ የጎደለውን ጨምሩበት። አባባ፣ ግራጫውን ገመድ ማን እንደቀየረው ይንገሩኝ። ጸሐፊያችን፣ ከጠፉት ሁለት ዓመቶች የማን የማን ወረቀት እንደነበረ ትዝ የሚልሽን ከዚህ ሥር ጻፊ። አንቺም እህቴ፣ ይህ ከደረሰሽ፣ ወረቀትሽን አጥፍቼው የነበርኩት እኔው ነኝ። ስትመርቂኝ ምን ብዬ እንደመለስኩልሽ አላስታውስም። አሜን ብዬ ከሆነ ንገሪኝ።