የግድግዳው ጋዜጣና የወፍጮ ቤቱ ወሬ

በደርግ ጊዜ ስማዳ ውስጥ ወገዳ ላይ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ የሃያ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። ጠዋት ልጆች አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። በዚያ ላይ አንድ ሥራ ተጨመረብኝ። አዲሶቹ አንባቢዎች የተማሩትን እንዳይረሱ በየሳምንቱ የግድግዳ ጋዜጣ ማዘጋጀት ነበረብኝ። በትልቅ ወረቀት ላይ በደማቅ ቀለም እጽፍና የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ካለው ሰሌዳ ላይ በዱቄት ሙጫ እለጥፈዋለሁ።

የምጽፈውን የምገለብጠው ከበላይ ከሚላክልን ሰርኩላር ነበር። ስለ ምርት ዕድገት፣ ስለ መደራጀት፣ ስለ ንቃት። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይባል ነበር፤ ቆሞ የሚያነበው ግን የለም። አንድ የገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ ከሰሌዳው ፊት ቆመው አየሁና ደስ ብሎኝ ጠጋ አልኩ።

«አባቴ፣ እንዴት አገኙት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ጥላው ጥሩ ነው ልጄ» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን እህሌን ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የሞተሩ ቺንጋ ተበጥሶ ነበርና ሴቶቹ ስልቻቸውን በወረፋ ደርድረው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኔም ከመጨረሻው ስልቻ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ግማሽ ቀን ሙሉ ስሰማ ዋልኩ። አንዷ ባቄላዋን ነቀዝ እንደፈጀባት ስትናገር፣ ሌላዋ «ከጤፍ ጋር አደባልቂው፤ ነቀዙ መፈናፈኛ ያጣል» አለቻት። ሦስተኛዋ ጤፍ ከየት ይምጣ ብላ ተከራከረች። ከዚያ ሳል ስለማይለቀው ሕፃን ተነሳ፤ ቀጥሎ ከስማዳ ወደ እስቴ ሲኬድ ስለሚሻገሩት ወንዝ። አንዷ ትጠይቃለች፣ አምስቱ ይመልሳሉ፣ ሁለቱ አይሆንም ይላሉ።

ቤቴ ገብቼ የዚያን ሳምንቱን ጋዜጣ ስለ ነቀዝና ስለ ጤፍ ጻፍኩ። ጤፍ ለሌለው ምን ይሻላል ብዬ ከስር ጥያቄ ጨመርኩበት። በማግሥቱ ሦስት ሰዎች ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እየጎተቱ ሲያነቡ አገኘኋቸው። አንዱ «አመድስ?» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አመድ ጻፍኩ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሰርኩላሩ የት ሄደ ብለው ጠየቁኝ፤ ከላይ ሁለት መስመር ለሰርኩላሩ፣ ከስር ለሰው ጉዳይ አደርገዋለሁ አልኳቸውና ተስማማን። ከዚያ ወዲህ የሚፈጭ ባይኖረኝም ወፍጮ ቤት መሄድ ልማዴ ሆነ። የሰማሁትን የምጽፍበትን ደብተሬን ግን ነጠላዬ ሥር እደብቀው ነበር።

ከጎልማሳ ተማሪዎቼ አንዲት በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ነበሩ። ወፍጮ ቤት አጠገባቸው ለተቀመጠችው ጎረቤታቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነግሯት ሰማኋቸው። ከወታደር ልጃቸው ደብዳቤ ደርሷቸዋል። የመጽሐፉን ፊደል ያነባሉ፤ የልጃቸውን የእጅ ጽሑፍ ግን ሊለዩት አልቻሉም። ሰው እንዲያነብላቸው ደግሞ አልፈለጉም። ወር ሙሉ ከደረታቸው አላወጡትም።

ይህ ለጋዜጣዬ ጥሩ ርዕስ መስሎ ታየኝ። «ከልጇ የመጣላትን ደብዳቤ ማንበብ ላቃታት እናት» ብዬ ጀመርኩና የእጅ ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብ አስረዳሁ። ስም አልጠራሁም። በዚያ ሰሞን ደብዳቤ የመጣላቸው እናት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ግን አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ያያቸው ሁሉ ልጁ ምን አለ እያለ ይጠይቃቸው ጀመር።

ሴትዮዋ ከትምህርት ቀሩ። ሳምንት ቆይተው፣ አዲሱን ልለጥፍ ስል፣ ሰሌዳው ጋ መጡና ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ለጎረቤቴ የነገርኩትን አንቺ ምን አገባሽ?» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ወረቀቱን ገነጠልኩት። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄደዋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ተይ። ተቀመጪ።»

«አጥፍቻለሁ እናቴ። ስም ካልጠራሁ አይከፋም ብዬ ነው። እርስዎን መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ነበረብሽ» አሉ። ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ። እኔም ከሰፌዱ ጠርዝ ጠጠር ማውጣት ጀመርኩ። ቆይተው «አታንብቢልኝ። ራሴ እንዳነበው አድርጊኝ» አሉኝ።

ስድስት ሰባት ቀን ተመላለስኩ። ደብዳቤውን አላሳዩኝም፤ ያስቸገሯቸውን ፊደላት ብቻ እንዳዩት አድርገው በእንጨት መሬት ላይ ይጽፉልኛል። ልጁ ሲቸኩል «በ» እና «ሰ» አይለዩም ነበር። እኔም ጠመኔ ይዤ እየቸኮልኩ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ያነባሉ። አንድ ቀን ስደርስ ደብዳቤውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ፊታቸው ግን ፈካ ብሏል።

«ወይፈኑ ለእርሻ ደረሰ ወይ ይላል» አሉኝ። ሌላ ምንም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ወፍጮ ቤት ስሄድ ደብተሬን በግልጽ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ «ይህን ልጻፈው ወይ?» ማለት ጀመርኩ። አንዳንዷ ጻፊው ትላለች፣ አንዳንዷ ወሬውን ትለውጣለች። መጀመሪያ ላይ ስመጣ ዝም የሚሉ ነበሩ። ቆይቶ ግን «ዛሬ ይህን ጻፊልን» እያሉ ወረፋቸውን ትተው የሚጠሩኝ በዙ።

በዓመቱ ወደ መካነ ኢየሱስ ተዛወርኩ። ከመሄዴ በፊት ሴትዮዋ ለልጃቸው በእጃቸው የጻፉትን መልስ አመጡልኝ፤ ሦስት ቀን የፈጀ አንድ ገጽ። ከፖስታው ውስጥ ከተው በሊጥ አሽገውታል። መካነ ኢየሱስ እንደደረስኩ ወደ ደብረ ታቦር ለሚሄድ አንድ የማምነው ሰው ፖስታ ቤት እንዲያስገባልኝ ሰጠሁትና አውቶቡሱ እስኪነሳ አብሬው ቆምኩ።