ቀኝ እጅ፣ ግራ ጆሮ

ለትምህርት የደረሰ ልጅ ማለት ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን የሚነካ ልጅ ማለት ነበር። የልደት ምስክር ወረቀት በማይታወቅበት አገር፣ እናት የልጇን ዕድሜ «አንበጣ የመጣ ዓመት» እያለች በምትናገርበት ዘመን፣ ይህ መለኪያ የሚናቅ አልነበረም። ወጪ የለውም፤ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ይግባኝም አይባልበትም። ዕድሜውን በመንግሥት ሥራ እንዳሳለፈ ሰው ልመስክርና፣ በኋላ ካስፈጸምኋቸው መመሪያዎች መካከል የዚህን ግማሽ ያህል እንኳ ያልታሰበባቸው ነበሩ። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ የእኅቴ ቀኝ እጅ አይነሣም ነበር።

በሃምሳዎቹ ዓመታት አጋማሽ በፍኖተ ሰላም፣ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ወላጆቼ ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ገጠር ያርሱ ነበር። እኅቴ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። ድክ ድክ ማለት በጀመረችበት ወራት ትኩሳት ያዛት፤ ትኩሳቱ ሲለቃት ቀኝ እጇ ከትከሻዋ ጀምሮ እንደ እርጥብ ነጠላ ተንጠልጥሎ ቀረ። የዛሬ ሐኪም የበሽታውን ስም ወዲያው ይነግራችኋል። የዚያን ጊዜ ጎረቤቶቻችን ግን የሚያውቁት ስሙን ሳይሆን ምክንያቱን ነበር፤ እናቴ በእርግዝናዋ ወራት የወረደችበትን ምንጭ፣ የበላችውንና ሳትበላ የተወችውን ሁሉ ከእርሷ ከራሷ ይልቅ አጥርተው ያስታውሱ ነበር።

ጠበል ተወሰደች፤ ጠበሉ አልጎዳትም። ከዚያ ወጌሻ ተጠራ። ወጌሻው ደግ ሰው ነበር፤ ሆኖም የሚያውቀው የተሰበረና የወለቀ እንጂ የዛለ እጅ ስላልነበረ፣ ወልቋል ብሎ ጎተተው። በመጣ ቁጥር ጎተተው። እኅቴ ሳሉን ከአጥር ውጭ ስትሰማ ከጎታው ሥር መደበቅ ጀመረች። ይህን ሰምቼ በፍኖተ ሰላም ክሊኒክ የሚሠራ የማውቀውን አንድ ድሬሰር አማከርሁት። «መጎተት ይቅር» አለኝ። «ለብ ባለ ውሃ ይንከሩት፤ በቀስታ ያንቀሳቅሱት፤ ጣቶቹ ሥራ አይፍቱ። እንደ ድሮው አይሆንም፤ ቢሆንም አይተዉት።»

መልእክቱን ወደ ቤት ወሰድሁ፤ ሥራውን የተረከቡት አክስቴ፣ የአባቴ እኅት ነበሩ። ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከእኛው ጋር ይኖሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት የእኅቴን እጅ በለብታ ውሃ ያሹና ከጣቶቿ መካከል ፈትል ጥጥ ያስቀምጡላታል፤ እርሷ ቆንጠር ታደርገዋለች፤ እርሳቸው ይስቡታል፤ ማን እንደሚያሸንፍ ይከራከራሉ። ልጅቱ «በቃ» ስትል ወዲያው ያቆማሉ። ዘዴያቸው ይኸው ነው። በወጌሻው ጊዜ «በቃ» የሚለው ወጌሻው ነበር፤ በአክስቴ ጊዜ ግን እኅቴ ሆነች። ይህች ትንሽ የሥልጣን ሽግግር ናት እጁን ያላቀቀችው ብዬ አምናለሁ፤ ትከሻዋ በጥቂቱ መነሣት፣ ጣቶቿም ቀለል ያለ ነገር መያዝ ጀመሩ።

በዚህ መካከል በአካባቢያችን የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዲሬክተሩ ወፍራም፣ ቅን፣ ከደንብ ውልፍት የማይል ሰው ነበር። አባቴ እኅቴን ይዞ ሄደ። እጇ በአናቷ ላይ አልሄደም።

«አልደረሰችም። ለከርሞ ይምጡ» አለ ዲሬክተሩ።

«ጌታዬ፣ እጇ እኮ ነው።»

«አይቻለሁ። ለከርሞ ይምጡ።»

ለከርሞው ሄዱ። የዛለው እጅ ከቀረው አካሏ ጋር አላደገም ነበርና፣ ይባስ ብሎ ካምናው ይልቅ ከጆሮው ርቆ ተገኘ። እንዲህ በመሆኑ እኅቴ ዕድሜዋ በጨመረ ቁጥር በትምህርት ቤቱ ሚዛን ሕፃን እየሆነች ሄደች፤ እርሷ እሹሩሩ ስትላቸው የነበሩ የጎረቤት ልጆች እያለፏት ገቡ። አባቴ እንደ ተስፋ አድርጎ «በግራዋ ትሞክር» አለ። ግራ እጇን አነሣች፤ ጣቶቿ ቀኝ ጆሮዋን አልፈው ጉንጯ ላይ ደረሱ። ዲሬክተሩ ይህን ትክ ብሎ አየና «በግራ ከሆነማ ማንም ይነካል» አለ።

ከዚያ በኋላ የቤታችን ድካም ሁሉ ስለ ጆሮ ሆነ። እናቴ ስትጸልይ ልጄን ማርልኝ ማለቱን ትታ፣ ጆሮዋን አስነካልኝ ትል ጀመር። እጁ አንድ ሰሞን አገጭ ላይ ደረሰ፤ ሌላ ሰሞን ከንፈር ላይ። ቀኝ ጆሮዋን የነካች ዕለት እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የተፈለገው ጆሮ ያ አለመሆኑ ትዝ አላትና ዘጋችው።

ነገሩ በዚህ ቢቀር የቤተ ሰብ ጨዋታ ሆኖ ባለፈ ነበር። አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ግን የሩቁን የሚያስቡ ሰው ነበሩ። መፍጨት የማትችል፣ እንስራ የማታዝል ልጅ ባል አታገኝም፤ እናትና አባቷ ሲያልፉ ማን ያያታል? ስለዚህ ከሩቅ ጠበል ቦታ፣ ሕመምተኞች ተሰብስበው በምጽዋት ከሚያድሩበት፣ ከአሁኑ ትልመድ አሉ። የተናገሩት በክፋት አልነበረም፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ አባቴ እምቢ ለማለት በቀለለው። አባቴ በሽማግሌ ፊት «ዘንድሮም ትምህርት ቤት ካልተቀበላት፣ መስቀልን አሳልፌ እልካታለሁ» ብሎ ቃል ሰጠ። በአገራችን በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል በማኅተም ከወጣ ደብዳቤ ይበረታል።

እናቴ በቡሬ ገበያ አግኝታኝ ይህን ነገረችኝ። ፈቃድ ጠይቄ፣ ኮቴን አስተኩሼ፣ ለምዝገባው ዕለት ደረስሁ።

ምዝገባው የሚካሄደው ከግቢው ዋርካ ሥር ነበር። ወላጆች ከነልጆቻቸው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጆቹ ጭንቅላታቸውን እያቀፉ ይለማመዳሉ። ወደ ዲሬክተሩ ጠረጴዛ ቀርቤ በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ንግግር አሰማሁ፤ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ነበረው። ሰውየው አላቋረጠኝም። ስጨርስ በአክብሮት እንዲህ አለኝ፦

«ወንድሜ፣ አንቱም የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት። መመሪያ ሲጣስ ደስ ይልዎታል?»

ደስ አይለኝም ነበር። እንደማይለኝም ፊቴ ላይ ያየ ይመስለኛል። ክርክሬ እዚያው ላይ አለቀ።

በዚህ ጊዜ ከኋላችን ዘንግ መሬቱን ሲመታ ተሰማ። የደብራችን የቅኔ መምህር፣ የኔታ፣ እየመጡ ነበር። የኔታ ሁለት ዓይናቸው አያይም። አገሩ ሁሉ ሲያልፉ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ይስማል፤ ከማስተማራቸው በፊት ይዩ እስቲ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። ተማሪዎቻቸው ለልመና ወደየመንደሩ በሚወጡበት ሰዓት የዘንጋቸውን ጫፍ ይዛ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትመራቸው እኅቴ ነበረች፤ እርሳቸውም በመንገድ ላይ ጸሎት በቃሏ ያስጠኗት ነበር። ያን ዕለትም እርሷው መርታ አመጣቻቸው። ዲሬክተሩ ብድግ አለ።

«ዲሬክተር፣» አሉ የኔታ፣ «ይቺ ልጅ ምን ጎደላት ይባላል?»

«ዕድሜ ነው፣ የኔታ።»

«ዕድሜ። ሁለት ክረምት ስትመራኝ አንድ ጉድባ ውስጥ አልጣለችኝም። ዕድሜውን በምን አወቁት?»

«በእጅ ይለካል።»

«እስቲ ያስረዱኝ። እኔ ጋ ዳዊት ያልደገመ ይመለሳል እንጂ በእጅ የመለስሁት የለም።»

ዲሬክተሩ አስረዳ፤ ቀኝ እጅ፣ አናት፣ ግራ ጆሮ። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በቃል አልገባኝም። በራስዎ ያድርጉትና ልዳስሰው።»

ዓይነ ስውር ሽማግሌ ልዳስስ ሲል እምቢ የሚል ሰው በእኛ አገር አልተወለደም። ዲሬክተሩ ቀኝ እጁን አነሣ። ሰውየው ከዓመታት በፊት በደምበጫ መንገድ ከበቅሎ ወድቆ ትከሻው እንደ ደረቀ አናውቅም ነበር፤ እርሱም ቢሆን ልጆቹን ሁልጊዜ በአፉ ያዝዝ እንጂ ራሱ አድርጎ አሳይቶ አያውቅም። የኔታ ከክርኑ ጀመሩ፤ ክንዱን ይዘው በቀስታ ወደ ላይ ሄዱ፤ አንጓው ጋ ደረሱ፤ ጣቶቹን አገኙ። ጣቶቹ ከአናቱ በላይ፣ አየር ላይ ነበሩ።

«ጆሮው የት አለ?» አሉ የኔታ።

«ትንሽ ይቀረዋል» አለ ዲሬክተሩ።

«እኔ አላየሁም፤ አንቱ ይንገሩኝ። ደረሰ ወይስ አልደረሰም?»

ዲሬክተሩ እጁን እንደ ሰቀለ ቆየ፤ ፊቱ ቀላ። መዋሸት ይችል ነበር፤ የሚዳስሱት ሽማግሌ እጃቸውን ከላዩ አንሥተዋል።

«አልደረሰም» አለ።

ከኋላ፣ ከገበሬዎቹ መካከል አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለከርሞ ይምጡ» አለ። ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ነጠላውን ወደ አፉ ወሰደ።

«ከበቅሎ ወድቄ ነው» አለ ዲሬክተሩ።

«እግዜር ይማርዎ። ስለወደቁ ግን ዕድሜዎ አልቀነሰም መቼም።»

ዲሬክተሩ እጁን አወረደ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። ትከሻውን እያሸ እኅቴን ተመለከታት፤ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጇ ሌላ የቀረውን ያያት ይመስለኛል።

«ግራሽን አንሺ» አላት።

አነሣች፤ ጆሮዋን አልፋ ጉንጯን ነካች።

«መዝግቧት» አለ መዝገቡን ለያዘው መምህር። ከዚያ፣ ሥራው ሥራ ነውና፣ ቆሞ አወጀ፦ «በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ የዚህች ተማሪ ግራ እጅ በቀኝ እጇ ምትክ ተቆጥሮ ያገለግላል።» ሰውየው ሲምርም በደንብ ነበር የሚምር። ሙያዬ ነውና አደነቅሁት።

አዋጁ ባይኖር ኖሮ ምዝገባው ብቻውን ባልጠቀማት ነበር። የአንደኛ ክፍል መምህሩ በግራው የሚጽፍን ልጅ ጣቶች በማስመሪያ መምታት ልማዱ ነበር። በእኅቴ ላይ ማስመሪያውን ባነሣ ጊዜ ዲሬክተሩ በበር ብቅ ብሎ «ያ ቀኝ እጇ ነው» አለው፤ መምህሩም አወረደው። ክርኗ ጎረቤቷን እንዳይገፋ ከአግዳሚው ግራ ጫፍ አስቀመጧት፤ ደብተሯ እንዳይንሸራተትም የዛለው እጅ ላዩ ላይ ተጋድሞ ይጠብቀው ነበር። ድሬሰሩ ጣቶቹ ሥራ አይፍቱ ያለው ይኸው ሆነ።

አጎቴ ከመስቀል በኋላ ለመንገድ ተሰናድተው መጡ።

«ገብታለች» አላቸው አባቴ።

«በየትኛው እጇ?»

«በተፈቀደው።»

አጎቴ ጥቂት አሰቡና ጠላ እንዲቀዳላቸው ጠየቁ። ስለ ጠበሉ ቦታ ዳግመኛ አላነሡም።

በዓመቱ አንዲት እናት ከወንዝ ማዶ ልጇን ይዛ መጣች አሉ። ልጁ ሰው ቀና ብሎ አያይም፤ ስሙን ሲጠሩት አይመልስም፤ ጫጫታ አይችልም። ዋርካው ሥር እንደ ደረሰ ሁለት እጆቹን ሁለት ጆሮዎቹ ላይ ለጥፎ ቆመ። እናቲቱ ልትገሥጸው ስትል ዲሬክተሩ ተዪው ብሎ ልጁን አስተዋለውና «ሁለቱንም ነክቷል፤ መዝግቡት» አለ። ክፍሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ በኅብረት በሚያነብበት ሰዓት ያ ልጅ ከደጅ ከዋርካው ግንድ ተደግፎ እንዲማር ፈቀዱለት፤ ጸጥ ሲል ይገባል። እንዲህ ያለውን አሠራር ዛሬ በስብሰባ ላይ ረጅም ስም ይሰጡታል። ለሌሎቹ ልጆች ግን የጆሮው ፈተና እንደ ጸና ኖረ፤ ሰውየው መመሪያ አልጣሰም።

በቤታችንም ቢሆን የተቀየረ ነገር አልነበረም። እናቴ ለብታውን ውሃ ማሞቅ አላቆመችም። ገብታ የለም ወይ ብላት «ቢመለሱና ቢጠይቋትሳ?» አለችኝ። መንግሥትን እንደ እናቴ የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤታችን ጥቂት ነበር።

እኅቴ ወደ ስድስተኛ ክፍል ባለፈችበት ክረምት ለፈቃድ መጥቼ ደጅ ተቀምጬ ሳለ፣ ከቤት ወጥታ ከፊቴ ቆመች።

«ወንድም ጋሼ፣ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። እንደ ዲሬክተር።»

ቀጥ ብዬ ተቀመጥሁ። ቀኝ እጇን ከጎኗ አነሣች፤ በአገጯ በኩል፣ በግንባሯ በኩል፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ አናቷ ላይ አወጣችው። አንገቷን ወደ እጁ ዘንበል አደረገች፤ የመካከለኛዋ ጣት ጫፍ የግራ ጆሮዋን ጠርዝ ነካ።

«እንግዲህ ለአንደኛ ክፍል ደረስሁ» አለች።

የምዝገባው ጊዜ በመስከረም መሆኑን፣ ያን ጊዜም ከወላጇ ጋር እንድትቀርብ በሥራዬ ድምፅ አስታወቅኋት። እናቴ ከውስጥ «ነካች?» ብላ ጠየቀች፤ እንደገና ታሳየኝ እያለችም እጇን እየጠራረገች ወጣች። እኅቴ ደጃፉ ላይ የተቀመጡትን አክስታችንን ተመለከተቻቸው፤ እርሳቸው ጥጣቸውን እየፈተሉ ቀና አላሉም።

«በቃ» አለች እኅቴ፣ እጇንም አወረደች።